ከውርሱ በፊት ዕዳው



ውድ አድማጮቻችን፣ ኑዛዜ (ወሲያ) ሲነሳ ብዙዎቻችን የሚመጣልን የንብረት ክፍፍል ነው። «ምን አለኝና እናዘዛለሁ?» የምንልም አለን። የወራሾችን ድርሻ ግን አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ኒሳእ ደልድሎታል። በዚያች ሱራ በ11ኛውና በ12ኛው አንቀጽ፣ ድርሻው የሚሰጠው ኑዛዜና ዕዳ ከወጣ በኋላ መሆኑ አራት ጊዜ ተወስቷል። ታዲያ ዕዳችንን ከእኛ በቀር የሚያውቅ ከሌለ ማን ያወጣዋል?

ነገሩ የእኛው የኑሮ ጉዳይ ነው። የጎንደር ሙስሊም በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአጼ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ተለይቶ በአዲስ ዓለም እንዲሰፍር ተደረገ። አባቶቻችን ርስት ተነፍገው በሽመናና በንግድ ኖሩ። ንግዱ ደግሞ የሚሄደው በመተማመን ነው። ሸቀጥ በዱቤ ወደ ዳባትና ደባርቅ ይወጣል፤ ወደ መተማ ለሚወርድ ሰው ገንዘብ ይሰጣል። ይህ ሁሉ ብዙውን ጊዜ በቃል ነው። እናቶቻችን ዘንድም የጎረቤት ወርቅ በአማና ይቀመጣል፣ የዕቁብ ገንዘብ ይያዛል። ለሚስት ያልተከፈለ መህርም በባል ላይ ያለ ዕዳ ነው። ባለቤቱ ሳይናገር ከሞተ ግን አብሮት ይቀበራል፤ ልጆቹ ሳያውቁ የሰው ሐቅ ይበላሉ።

ሞት ቀጠሮ አይሰጥም። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በከተማችን የአንድ ዓሊም ጀናዛ ሲሸኝ በተፈጸመው ጥቃት ከ20 በላይ ወገኖቻችን ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። ሌላውን ሊቀብር የወጣ ሰው የራሱ ቀን እንደሆነ አላወቀም።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የሚናዘዝበት ነገር ያለው ሙስሊም ኑዛዜውን ሳይጽፍ ሁለት ሌሊት ማሳለፍ እንደማይገባው አስተምረዋል። ይህን የሰሙት ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ከዚያ ወዲህ አንድ ሌሊት እንኳ ያለ ኑዛዜ አላደሩም። የጃቢር አባት ዐብደላህ (ረ.ዐ) በኡሑድ ዋዜማ ለልጃቸው የተናዘዙት ሁለት ነገር ነበር፦ ዕዳቸውን እንዲከፍልና እህቶቹን እንዲንከባከብ። ሸሂድ እንኳ ዕዳው እንደማይታለፍለት በሐዲስ ተነግሯል።

ኑዛዜ ወሰን አለው። ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) አብዛኛውን ሀብታቸውን ለመስጠት ሲጠይቁ፣ የተፈቀደላቸው እስከ ሲሶ ብቻ ነበር፤ ሲሶውም ብዙ ነው ተባሉ። ለወራሽም ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱ በቀር ኑዛዜ የለም። ስለዚህ ሴት ልጅን ከድርሻዋ ለማስቀረት ኑዛዜ የሚጽፍ ሰው ራሱን ይጎዳል።

አጻጻፉንም እንወቅ። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶቻችን በአዋጅ የታወቁ ናቸው፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት ግን ጉዳዩን የሚያዩት ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው። አንዱ ወራሽ እምቢ ቢል ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። ስለዚህ ኑዛዜያችን በሸሪዓውም በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም የሚጸና ይሁን። በሕጉ መሠረት በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ መነበቡና ቀኑ ይጻፍበታል፤ ሁሉም ወዲያው ይፈርማሉ። ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ በሥራው ላይ ሆኖ ከመሰከረ ሁለት ምስክር ይበቃል። በራስ እጅ ብቻ የተጻፈ ኑዛዜ በሰባት ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ዘንድ ካልተቀመጠ ይፈርሳል። የገጠር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የሚተላለፈው የመጠቀም መብቱ ነው፤ ባለይዞታው አስቀድሞ የወረዳውን መሬት ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ።

ውድ አድማጮቻችን፣ ዛሬ ማታ ከዒሻ ሶላት በኋላ ባልም ሚስትም ወረቀትና እስክሪብቶ እንያዝ። መጀመሪያ ያለብንን ዕዳ፣ ቀጥሎ ሰው ዘንድ ያለንን፣ ከዚያ በአማና የያዝነውን፣ ያልከፈልነውን ዘካ፣ የልጆቻችንን አደራ እንጻፍ። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ወላጆቻችንን ልጆቻቸው በአክብሮት ጠይቀው ይጻፉላቸው። የጻፍነው የት እንደተቀመጠም አንድ ታማኝ ሰው ይወቅ።

አላህ የሰው ሐቅ በጫንቃችን ሳይኖር ከሚገናኙት ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።