አለቃም ይማራል



እኛ ሂሳብ ክፍል የምንሠራ ሴቶች ሰኔን እናውቀዋለን። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ አምሽተን ነው ቤት የምንገባው፤ ቅዳሜና እሁድም ቢሮ ነን። በአንድ ሰኔ የባንክ ሂሳብ ማስታረቂያው አልገጥም ብሎን አለቃችን በሰው ፊት «ምን ስትሠሩ ነው የከረማችሁት?» ብለው ጮኹብን። ከዚያ ቀን ወዲህ ስህተት ስናገኝ መናገር ትተን መደበቅ ጀመርን። እንቅልፍም አጣን።

ሰውየው ክፉ አልነበሩም። በሂሳብ ችሎታቸው ተሾሙ እንጂ ሰው እንዴት እንደሚመራ ያስተማራቸው የለም።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የሠራተኞችን የአእምሮ ጤና ለመጠበቅ ኃላፊዎች እንዲሠለጥኑ መክሯል። ሥልጠናው አለቃን ሐኪም ለማድረግ አይደለም። የሠራተኛን ጭንቀት ቶሎ ማስተዋል፣ ሳያቋርጡ ማዳመጥ፣ የሥራ ጫናን ማስተካከል፣ ሲያስፈልግም ወደ ባለሙያ መምራት ነው።

ግን እውነቱን እንነጋገር። ከመካከላችን ዛሬ ሌሎችን የምንመራ አለን። ባለፈው ሰኔ እኛስ በገንዘብ ያዧ ላይ አልጮህንም? ጮኸናል። በማግስቱ ይቅርታ ጠየቅናት፤ እሷ ግን እስካሁን ስታየን ትደነግጣለች። «እኛም እንዲህ ሆነን ነው የሠራነው» ማለት ሰበብ አይሆንም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንለምናችኋለን። በየመሥሪያ ቤታችን ለአዲስ ተሿሚ ሁሉ ይህ ሥልጠና እንዲሰጥ አብረን እንጠይቅ። እስከዚያው ሂሳብ ሲጎድል «ማን አጠፋው?» ከማለታችን በፊት «የቱ ጋ ከበደሽ?» እንበል።