የሙሽራ ልብስና የእርሻ በሬ

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሙሽራ ልብስ ነው።

ጥር የሠርግ ወር ነው። ሴት ልጁን የሚድር አባት «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ በሬውን ይሸጣል። ቀሚሱ የሚለበሰው አንድ ቀን ነው። ሰኔ ሲገባ ግን ጎረቤቱ ሲያርስ እሱ ቆሞ ያያል።

ታዲያ ሙሽራዋ አትጊጥ ማለታችን ነው? አይደለም። መላ አለው።

አንደኛ፣ ከዘመድ ተዋሱ። አክስቷ የተዳረችበት የሐበሻ ቀሚስ በሣጥን ተቀምጦ ይሆናል። ሸማው ቢያረጅ እንኳ ጥለቱ ደህና ከሆነ ተፈትቶ በአዲስ ሸማ ላይ ይሰፋል።

ሁለተኛ፣ ቬሎ ካማራት ተከራዩላት። እንደ አዲስ አበባ ባሉ ከተሞች ቬሎ የሚያከራዩ ሱቆች አሉ።

ሦስተኛ፣ የተለበሰ ልብስ ግዙ። ስትገዙ ልብሱን ወደ ፀሐይ ዘርግታችሁ እዩት። የሳሳ ቦታ ካለው ቶሎ ይቀደዳል። ብብቱንና የታችኛውን ጠርዝ መርምሩ። ከጠበባት በስፌቱ ውስጥ የታጠፈ ትርፍ ጨርቅ መኖሩን ተመልከቱ። ትርፍ ከሌለው ማስፋት ያስቸግራል። ከመልበሷም በፊት ይታጠብ።

ስትከራዩ ዋጋው፣ መያዣውና የመመለሻው ቀን በወረቀት ይጻፍ። ሳትፈርሙ ራሳችሁ አንብቡት። ዱሮ በጣታችን እየፈረምን ስንቴ ተታለናል! ዛሬ ግን ፊደል ቆጥረናል።

ሙሽራን ዕዳ አያሳምራትም። በሬው በበረቱ ይደር፤ ልጃችንም በእልልታ ትዳር።