የቀረችው ትታወቃለች
ስለ እናቶች ማኅበራት አገልግሎት በበዓሉ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ስለ እናቶች ማኅበር እንድናገር ስታዘዝ በመጀመሪያ ያሰብኳት የኢዮጴዋን ጣቢታን ነው። በሐዋርያት ሥራ 9ኛ ምዕራፍ እንደተጻፈው፣ ባረፈች ጊዜ መበለቶቹ ለቅዱስ ጴጥሮስ የሰፋችላቸውን ልብስ እያሳዩ አለቀሱ። የእኛም እናቶች ሥራ በቃለ ጉባኤ መዝገብ ውስጥ እምብዛም አይገኝም፤ የሚገኘው በአራስ ቤት ገንፎ፣ በልቅሶ ቤት ንፍሮና ቡና ነው። በዚህ መጽሔት ጥቂቱ ቢሰፍር ደስ ይለኛል።

አሜሪካ የስደተኞችን ሕግ ካወጣችበት ከ1980 እ.ኤ.አ. ወዲህ ወደ ሲያትል ከገቡት ወገኖቻችን ብዙዎቹ በሱዳን በኩል የመጡ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን በሌለበት ስፍራ እናቶች ጽዋውን በአፓርታማ ሳሎን አዞሩት። ሥርዓቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ወር በገባ በቅዱሱ ዕለት፣ እዚህ አገር ደግሞ ሥራ ስለማይፈቅድ በቅርቡ ቅዳሜ ወይም እሑድ፣ ተረኛዋ ዳቦና ጠላ ታቀርባለች፣ ካህን ይባርካል፣ ሙሴዋ ጉዳዩን ትመራለች። የማኅበሩ ትልቁ ጥበብ ግን ከዳቦውና ከጠላው ይልቅ የቀረችው ሴት መታወቋ ይመስለኛል። ጎረቤት ጎረቤቱን በማያውቅበት ከተማ፣ አንዲት እናት ሁለት ወር ከማኅበር ብትቀር ስልክ ይደወልላታል፣ በሯ ይንኳኳል። ከሥራ መባረር፣ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ከባድ ኀዘን፣ በቤት ውስጥ የሚደርስ በደል፣ ይህ ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚሰማው በዚያ በር ላይ ነው። ዕቁቡ መኪና ይገዛል፣ ዕድሩ አስከሬን ወደ አገር ይሸኛል፤ የማኅበሩ ድርሻ ግን ሰው ሳይሞት መጠየቅ ነው።

ሴቶች ተደራጅተው ማስተማራቸውና መርዳታቸው በሀገራችን አዲስ ነገር አይደለም። እቴጌ መነን በስማቸው የሚጠራውን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት በ1931 እ.ኤ.አ. አቋቋሙ። በ1935 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ተመሠርቶ በጦርነቱ ዋዜማ ለዘማቹ ልብስና ፋሻ አዘጋጀ፤ በዚህም የደከሙት ልዕልት ፀሐይ በኋላ በስደት ሳሉ ለንደን ነርስነት ተማሩ። በቤተ ክርስቲያናችንም ዓይነ ስውር የሆኑት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በጎጃም ወንበር ዘርግተው ቅኔ አስተምረዋል። ሴት ልጅ ለዜማና ለቅኔ አትሆንም የሚል ቢገጥማችሁ የእርሳቸውን ስም ንገሩት።

በዚሁ በሲያትል በ1985 እ.ኤ.አ. ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የተሰደዱ ሴቶች አንድ ማኅበር አቋቁመው ነበር። ዛሬ ሬዋ እየተባለ ይጠራል፤ በሩን ለሌሎች ስደተኞች ከፍቶ የእኛንም እናቶች ያስተምራል። እንግሊዝኛም ያስተምራል፣ ሕፃናትንም ይይዛል። እናት ልጇን የሚይዝላት ካላገኘች ደብተር መያዟ ከንቱ መሆኑን የሚያውቀው እናት የመሠረተው ማኅበር ነው።

አሁን ወደሚከብደው ነገር ልግባ። በሬኒየር ሸለቆና በቼሪ መንገድ አካባቢ ተጠጋግተን የምንኖርበት ጊዜ አልፏል። የቤት ኪራይ ጨመረ፤ በ2009 እ.ኤ.አ. ባቡሩ ወደ ሸለቆው ሲገባ ከእኛ ብዙዎቹ ወደ ሬንተንና ወደ ኬንት መውጣት ይዘን ነበር። ዛሬ የማኅበር እናት በዝናብ ሠላሳና አርባ ደቂቃ ትነዳለች፤ የማትነዳውም ወሳጅ ትለምናለች። ከዚህ የባሰው ግን ሴቶች ልጆቻችን አለመምጣታቸው ነው። እኔ ራሴ ልጄን ወደ ማኅበር የምጠራት ሳህን ስታጥብ ብቻ ነበር። አንድ ቀን «እማዬ፣ እናንተ ስታወሩ ግማሹ አይገባኝም፤ እኔ የምፈለገው ለእጄ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ወንድሞቼ አትቀየሙኝ እንጂ፣ ይህ ጥያቄ የልጄ ብቻ አይደለም። በበዓል ቀን ማዕድ ቤቱን የሚያንቀሳቅሱ እናቶች ስለ ደብሩ ጉዳይ ሲመከር የት ናቸው? ቃለ ዓዋዲው ሴትን ከሰበካ ጉባኤ አይከለክልም። በመጪው ምርጫ ከማኅበራቱ ዕጩዎች እንዲቀርቡ አባቶቻችንን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ለልጆቻችንም አንድ ሐሳብ አለኝ። ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን በስም ማንሳቱ ያለ ምክንያት አይመስለኝም። በየወሩ ጽዋው ከመነሳቱ በፊት አንድ ሰዓት እንለይ። አያቶች ለልጆች ፊደልና ውዳሴ ማርያም ያስተምሩ፤ ልጆቹ ደግሞ ለአያቶች ከሐኪም ቤት የመጣውን ደብዳቤ ያንብቡላቸው፣ ለዜግነት ፈተና ያለማምዷቸው። አስተርጓሚ ለመሆን ግማሽ አማርኛም ይበቃል፤ ሌላውን ግማሽ እዚያው ይማሩታል። ሳህኑን ወንዶች ልጆቻችን ያጥቡ።

ከኬንትና ከሬንተን እናቶችን በመኪና ለማምጣት ፈቃደኛ የምትሆኑ ከጉባኤው በኋላ በአዳራሹ በር ስማችሁን አስመዝግቡ፤ መዝገቡን የያዘችው ልጄ ናት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር።