500 ብሯን የሚለውጣት ማን ነው?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሂሳብ ሠራተኛችን የቀረበ ንግግር)



በየዓመቱ እዚህ የምቆመው ገቢና ወጪ ላነብላችሁ ነው። የዘንድሮው ሪፖርት ታትሞ በእጃችሁ ስላለ ዛሬ ስለ አንዲት ቁጥር ብቻ ልናገር። በብድር ቅጻችን ግርጌ የትዳር ጓደኛ የሚፈርምበት ቦታ አለ። ብዙዎቻችሁ በዚያ መስመር ምክንያት ተቀይማችሁኛል፤ አውቃለሁ።

ባለፈው ግንቦት አንዲት አባላችን የኤሌክትሪክ ምጣድና ጤፍ ለመግዛት ብድር ጠየቁ። ባለቤታቸው ለሥራ ብለው ከሄዱ ቆይተዋል፤ ስልካቸውም አይነሳም። ፊርማው ስለጎደለ ቅጹን መለስኩባቸው። «ልጄ፣ ቆጣቢዋም እኔ፣ ዕዳ ከፋይዋም እኔ፤ የሱ ፊርማ ምን ይጨምርልሻል?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ የቤተሰብ ሕጉን አውጥቼ አነበብኩ።

መስመሩን እኔ አልፈጠርኩትም። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ በአንቀጽ 68 ባልና ሚስት ተስማምተው ብቻ የሚያደርጓቸውን ነገሮች ይዘረዝራል። የጋራ ቤት መሸጥ አንዱ ነው። ከ500 ብር በላይ መበደር፣ ማበደር ወይም ዋስ መሆንም አለበት። ያለ ስምምነት ከተደረገ ያልተስማማው ወገን ውሉ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል፤ ጊዜው ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ደግሞ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። ውሉ ቢፈርስ የሚንገዳገደው የእናንተው ቁጠባ ነው።

አንቀጹን ጠላት አድርጌ እንዳላቀርበው እፈራለሁ። ከዚያ በፊት የነበረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ አስተዳዳሪ ያደርግ ነበር፤ ሴት ልጅንም በ15 ዓመቷ መዳር ይፈቅድ ነበር። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ሌሎች ሴቶች ተሟግተው ነው 18 ዓመት ለሁለቱም እኩል የሆነው። አንቀጽ 68ም ባል ከሚስቱ ተደብቆ ቤት እንዳይሸጥ፣ ዕዳ ውስጥ እንዳይከታት ይጠብቃል። ችግሩ ያለው ቁጥሯ ላይ ነው። በ1992 500 ብር ከኩንታል በላይ ጤፍ ይገዛ ነበር። ዛሬ ስንት ኪሎ እንደሚገዛ ገበያ የምትወጡት እናንተ ንገሩኝ።

እንግዲህ ቁጥሯ ትሻሻል ብንል የማንን በር እናንኳኳለን? ይህን ስጠይቅ ከመካከላችን «ወረዳ»፣ «የከተማው ምክር ቤት»፣ «ሴቶች ጉዳይ» ያሉኝ አሉ። አንዳቸውም አይደሉም።

አገራችን ፌዴራል ስለሆነች ሕግ አውጪው አንድ ቤት ብቻ አይደለም። በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥት ለፌዴራሉ የሚገባውን ቆጥሮ ይሰጥና የቀረውን ለክልሎች ይተዋል። የንግድ ሕግ፣ የሠራተኛ ሕግ፣ የወንጀል ሕግ የፌዴራሉ ናቸው። ስለዚህ ያለዕድሜ ጋብቻን የሚቀጣው የወንጀል ሕግ በመላ አገሪቱ ይሠራል። የቤተሰብ ሕግ ግን በክልሎች እጅ ነው። የ1992ቱ አዋጅ ተጠሪነታቸው ለፌዴራል መንግሥት በሆነው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ብቻ ይሠራል። ኦሮሚያና አማራ የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ያወጡት በ1995 ነው። የራሱን ያላወጣ ክልል እስኪያወጣ ድረስ በዚያው በ1952ቱ ሕግ ይዳኝ ነበር። አንድ ሕገ መንግሥት ባላቸው ሁለት ከተሞች አንዷ ሙሽራ በአዲሱ ሕግ፣ ሌላዋ በአያቷ ዘመን ሕግ ተዳኝታለች ማለት ነው።

ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከአባሎቻችን ገሚሶቻችሁ የምትኖሩት ከከተማው ወሰን ማዶ በለገጣፎና በቡራዩ በኩል ነው። የእናንተ ጉዳይ በኦሮሚያ ፍርድ ቤት ሲቀርብ የሚታየው ጨፌ ኦሮሚያ ባወጣው ሕግ ነው። ለአዲስ አበባዎቹ ግን በሩ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ የከተማው ምክር ቤት ይህን አዋጅ መንካት አይችልም። (የፌዴሬሽን ምክር ቤትን ያነሳችሁ ነበራችሁ። እሱ ሕገ መንግሥት ይተረጉማል እንጂ አዋጅ አያወጣም።)

ረቂቅ ሕግ ብዙ ጊዜ ከመሥሪያ ቤት ተነስቶ በሚኒስትሮች ምክር ቤት አልፎ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ይመጣል። አባላትም ማመንጨት ይችላሉ። ከመጀመሪያው ንባብ በኋላ ለዝርዝር እይታ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ኮሚቴው የሚመለከታቸውን ሰዎች ጠርቶ የሚያዳምጥበት መድረክ አለ፤ ቃል የሚቀየረው፣ ቁጥር የሚሰረዘው እዚያ ነው። የውሳኔ ሐሳቡ ለድምፅ ከቀረበ በኋላ እጅ ሲወጣ በቴሌቪዥን ማየት ብቻ ይቀራል። ከጸደቀ ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ይፈርማሉ፤ ባይፈርሙም ሕግ ይሆናል። ከዚያ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ይወጣል።

ሕጉ ሊሻሻል እንደሚችል አይተናል። በ2010 ይኸው የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 1070 ተከፍቶ የውጭ አገር ሰዎች የሚያደርጉት ጉዲፈቻ ቀርቷል። 500 ብሯን ግን ማንም አልነካትም። ማንም አልጠየቀማ! ደጋፊዎቻችን ደግሞ አዋጅ ቁጥር 621/2001ን አትረሱትም። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሴቶች መብት ላይ እንዳይሠራ ከልክሎ፣ ለዚህ ሕግ የተሟገቱትን ሴቶች ሳይቀር አዳክሟቸዋል። በ2011 በአዋጅ ቁጥር 1113 እስኪተካ 10 ዓመት ፈጀ።

እንደ ሂሳብ ሠራተኛ የምለው አለኝ። ብር እየረከሰ ሲሄድ በአዋጅ ውስጥ የተጻፈ ቁጥር ባለበት ይቀራል፤ እሱን ለመለወጥ ምክር ቤቱ ራሱ መሰብሰብ አለበት። አዋጁ መርሁን ይዞ መጠኑን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ እንዲወስን ቢተው በየጊዜው ማስተካከል ይቀላል። አዎ፣ ደንብና መመሪያ ያለ ብዙ ውይይት እንደሚወጣ አውቃለሁ፤ በፊት አንድ መመሪያ የሥልጠና ወጪያችንን ከአስተዳደር ወጪ ቆጥሮብን ምን ያህል እንዳስቸገረን አልረሳሁም። ቢሆንም ለዚህች ቁጥር ደንብ ይሻላል እላለሁ።

ሴቶችን ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ የሚሄድ ደብዳቤ አርቅቄ ለጸሐፊያችን ሰጥቻለሁ። ምክር ቤቱ ከመስከረም መጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ስለሚሠራ ገና ሲከፈት ብናስገባው ይመረጣል። ለጨፌው የሚሄደው ለብቻው መጻፍ አለበት፤ ስለዚህ ከወሰኑ ማዶ የምትኖሩ ከሻይ በኋላ ስማችሁን አስመዝግቡልኝ። ቅጹ የተመለሰባቸው እናታችንም ዛሬ እዚህ አሉ፤ ደብዳቤው ላይ መጀመሪያ የሚፈርሙት እሳቸው ቢሆኑ ደስ ይለኛል።