መንገዱም ተራ ይኑረው

(በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ መርካቶ አካባቢ ለሚገኙ አጥቢያዎች የሰበካ ጉባኤና የልማት ኮሚቴ አባላት የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ክቡራን አባቶች ካህናት፣ የሰበካ መንፈሳዊ ጉባኤ አባላት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች፣ የጉዞ ማኅበራት አስተባባሪዎች፤

ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ረጃጅም የእግር መንገዶችን በበጎ ፈቃደኞች ስለ መጠበቅ ነው። ርእሱ ለገጠር ሰው እንጂ ለመርካቶ ሰው የሚነገር ላይመስል ይችላል። ነገር ግን በመስከረም ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ፣ በታኅሣሥ ወደ ቁልቢና ወደ ላሊበላ፣ በጥቅምትና በመጋቢት ወደ ዝቋላ ከአዲስ አበባ ከሚነሡት ምእመናን ጥቂት የማይባሉት የሚሰናዱት በዚሁ ሰፈር ነው። ጧፉ፣ ጃንጥላው፣ ድንኳኑ፣ የስንቁ ዕቃ ሁሉ የሚገዛው ከዚህ ነው። ስለዚህ የመርካቶ ሰው ለእነዚያ መንገዶች እንግዳ አይደለም።

የጉዞ ማኅበሮቻችን አውቶቡስ ይከራያሉ፤ ስንቅ ያሰናዳሉ፤ ሰባኪና መዘምራን ይጋብዛሉ፤ ለገዳሙ መባ ይዘው ይሄዳሉ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ከዕቅዳቸው የሚጎድል አንድ ነገር ግን አለ፤ እርሱም አውቶቡሱ ከሚቆምበት ስፍራ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም የሚወስደው የእግር መንገድ ነው። በዚያ መንገድ ምርኩዝ የያዙ አረጋውያን፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶች፣ በሰው ትከሻ ተደግፈው የሚሄዱ ሕሙማን ይወጣሉ፤ ይወርዳሉም። ሕዝቡ በአንድ ቀን በጠባብ ዳገት ላይ ሲጨናነቅ፣ ከሥሩ የተነቀለ አንድ ድንጋይ የሰው ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

የግሸንን ነገር እንመልከት። ንግሡ የሚውለው መስከረም 21 ቀን፣ ክረምቱ እንደ ወጣ ነው። እንግዲህ መንገዱ ከዓመቱ ሁሉ ይልቅ በውሃ በተጎዳበት ሰሞን ከዓመቱ ሁሉ ይልቅ ብዙ እግር ያርፍበታል ማለት ነው። የዝቋላም የጥቅምት 5 በዓል ከክረምቱ ብዙ የራቀ አይደለም። የመጋቢት 5 በዓል ደግሞ በበጋ ስለሚውል አፈሩ ዱቄት ሆኖ ያንሸራትታል። መንገዱን የምንጠግንበትን ጊዜ መምረጥ ያለብን እንግዲህ ከእነዚህ በዓላት ወደ ኋላ ቆጥረን እንጂ እኛ በተመቸን ቀን አይደለም።

የእግር መንገድን የሚያፈርሰው ከሁሉ በፊት ውሃ ነው። እግር አፈሩን ይጠቀጥቀዋል፤ የመንገዱ መካከል ይጎደጉዳል፤ ዝናብ ሲዘንብ ውሃው ያን ጉድጓድ እንደ ቦይ ይዞ ይወርዳል። ጥቂት ክረምቶች ሲያልፉ መንገዱ ገደል ይሆናል። ሰውም ገደሉን ሸሽቶ በጎኑ ሌላ መንገድ ያወጣል፤ እርሱም በተራው ይቦረቦራል። ወጣቶቻችን ጠመዝማዛውን ትተው በአቋራጭ ሲወርዱ ደግሞ ለውሃው ቀጥተኛ መውረጃ ያበጁለታል።

መድኃኒቱ የረቀቀ ጥበብ አይጠይቅም። መንገዱ ወደ ቁልቁለቱ በኩል በጥቂቱ ያዘንብል፤ ለአንድ ሜትር ስፋት 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢያዘነብል ውሃው መሐል ለመሐል ከመውረድ ይልቅ ወደ ጎን ይፈስሳል። ዳገቱ በበረታበት ቦታ ድንጋይ በሰያፍ ተቀብሮ ውሃውን ከመንገዱ ያስወጣ። ደረጃ የሚሆነው ድንጋይ ከግማሹ በላይ መሬት ውስጥ ይግባ፤ ላዩ ብቻ የተቀመጠ ድንጋይ ደረጃ ሳይሆን ወጥመድ ነው። አቋራጩ አፉ ላይ በእሾህና በድንጋይ ይዘጋ፤ ዋናው መንገድም ሰው ሊመርጠው እስኪወድድ ድረስ ይስተካከል። የውሃ መውረጃዎቹ ከሰኔ በፊት ይጠረጉ፤ ክረምቱ ሲወጣም እንደ ገና ይታዩ። ለዚህ የሚያስፈልገው ዶማ፣ አካፋ፣ ዲጅኖ፣ መዶሻና ባሬላ ነው። ምናለሽ ተራ ደጃችን ላይ እያለ መሣሪያ አጣን ልንል አንችልም።

ሥራው ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ስለ ምን አይሠራም? በየዓመቱ የሚመለስ ሥራ ስለ ሆነ ነው። ለአንድ ቀን ዘመቻ ሰው አይታጣም። በጥምቀት ወጣቶቻችን ጎዳናውን ሲያጸዱ፣ በታቦቱ ፊት ምንጣፍ እየጠቀለሉ ሲያነጥፉ አይተናል፤ ኃይሉም ፍቅሩም እንዳለ ያ ይመሰክራል። የሚያስቸግረው በዓሉ ካለፈ በኋላ፣ ማንም በማያይበት በግንቦት ፀሐይ፣ አምና የተጠረገውን ቦይ ዘንድሮም ሊጠርግ የሚሄድ ሰው ማግኘት ነው። ይህ በስሜት የሚገኝ አይደለም፤ በሥርዓት እንጂ።

የሥርዓቱን ስም እናንተው ታውቁታላችሁ። መርካቶ ውስጥ ሸማ ተራ አለ፤ ቆርቆሮ ተራ አለ። ተራ ማለት በአንድ በኩል የታወቀ ቦታ ነው፤ በሌላ በኩል የታወቀ ፈረቃ ነው። ነጋዴ ቦታውን ያውቃል፤ ተረኛም ቀኑን ያውቃል። የእግር መንገድም የሚፈልገው እነዚህን ሁለቱን ነው፤ ቦታና ፈረቃ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ ምሳሌው የሚሠራው ግን ከሃምሳው እያንዳንዱ የራሱን ሎሚ ሲያውቅ ነው።

መጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 3 ላይ የኢየሩሳሌም ቅጥር እንዴት እንደ ታደሰ አንብባችኋል። ምዕራፉ ከዳር እስከ ዳር የስም ዝርዝር ነው። ማን ከየት እስከ የት እንደ ሠራ፣ ከእርሱም ቀጥሎ ማን እንደ ነበረ ይነግረናል። ሥራውን የጀመሩት ሊቀ ካህናቱና ካህናቱ ናቸው። ወርቅ አንጥረኞችና ነጋዴዎች ድርሻ ነበራቸው፤ ከሴቶች ልጆቹ ጋር የሠራ አለቃም አለ። አንዳንዶቹ የጠገኑት በየቤታቸው አንጻር ያለውን ነው። ለሥራው አንገታቸውን ያላዋሉ መኳንንት እንደ ነበሩም ሳይደበቅ ተጽፏል። ቅጥሩ በ52 ቀን ያለቀው ሁሉም በአንድ ቦታ ስለ ተረባረበ ሳይሆን እያንዳንዱ ድርሻውን ስለ ያዘ ነው።

በሌላውም ዓለም ያለው ልምድ ከዚህ አይለይም። በአሜሪካ የአፓላቺያን የእግር መንገድ የሚባል ወደ 3,500 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ 14 ክፍላተ ግዛትን የሚያቋርጥ መንገድ አለ። ሐሳቡ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1921 ሲሆን መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተያያዘው በ1937 ነው። ዛሬም የሚጠበቀው ወደ 30 በሚሆኑ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበራት ነው። እያንዳንዱ ማኅበር የራሱ ክፍል አለው፤ በማኅበሩም ውስጥ እያንዳንዱ ጠባቂ የጥቂት ኪሎ ሜትሮች ኃላፊነት ተሰጥቶታል። በሰሜን ስፔን ወደ ሳንቲያጎ በሚወስደው ጥንታዊ የተሳላሚዎች መንገድም ኤልያስ ቫሊኛ የተባሉ የአንዲት ተራራማ መንደር ቄስ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ቢጫ ቀለም ይዘው መንገዱን በቀስት ምልክት ማመልከት ጀመሩ። ያን ጊዜ በመንገዱ የሚጓዘው ጥቂት ሰው ነበር፤ ዛሬ ግን በየዓመቱ በመቶ ሺሖች የሚቆጠር ሕዝብ ያን ምልክት እየተከተለ ይሄዳል። በማረፊያ ቤቶቹ ከሚያገለግሉት በጎ ፈቃደኞች ብዙዎቹ መንገዱን አስቀድመው በእግራቸው የሄዱ ናቸው፤ የአገልግሎት ጊዜያቸውም ብዙውን ጊዜ 15 ቀን ያህል ነው። የተወሰነ ጊዜ የተሰጠው ሰው ሳይሰለች ያገለግላል፤ ለሚመጣውም ዓመት ይመለሳል።

እኛ ግን ለአስተዳደሩ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም፤ ዕድር አለን። ደቦ ለባለ እርሻው ነው፤ ወንፈል በብድር የሚመለስ ነው። ባለቤት ለሌለው የተሳላሚ መንገድ ሁለቱም አይበቁም። ዕድር ግን መዝገብ አለው፤ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ ዕቃ ቤት አለው፤ ስም ይጠራል፤ የቀረውን ሰው ለምን እንደ ቀረ ይጠይቃል። ከዚህ በመነሣት ለየአጥቢያው ስድስት ነገሮችን አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ ቦታው ይወሰን። አንድ አጥቢያ ከአንድ ገዳም መንገድ ላይ ጠብቆ ሊዘልቀው የሚችለውን ያህል ብቻ ይውሰድ። ከዚህ እስከዚያ ዛፍ፣ ከዚያ ዛፍ እስከ ምንጩ ተብሎ በመዝገብ ይጻፍ። መንገዱን ሁሉ የተረከበ ምንም አልተረከበም።

ሁለተኛ፣ መጀመሪያ ፈቃድ ይጠየቅ። የገዳሙ አስተዳደር፣ የቀበሌውና የአካባቢው ሽማግሌዎች ሳያውቁ አንድ ድንጋይ አይነሣ። መንገዱ ለእኛ የበዓል መንገድ ነው፤ ለገበሬው ግን የዘወትር መንገድ ነው፤ እህሉን ወደ ገበያ፣ ሕመምተኛውን ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርስበት። በሰሜን ወሎ መቄት ወረዳ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የየአካባቢው ማኅበረሰብ በእግር ለሚጓዙ እንግዶች ማረፊያ ሠርቶ በኮሚቴ ሲያስተዳድር፣ ገቢውም ለማኅበረሰቡ ሲውል አይተናል። በመንገዱ ዳር የሚኖረው ሰው ባለቤት ካልሆነ መንገዱ ባለቤት አያገኝም።

ሦስተኛ፣ ድንጋይ ከእርከን፣ እንጨት ከቤተ ክርስቲያን ደን አይወሰድ። በ«እመጓ» መጽሐፋቸው የምታውቋቸው የደን ተመራማሪ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከደቡብ ጎንደር ካህናትና ምእመናን ጋር በመተባበር የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች በድንጋይ ካብ እንዲታጠሩ ሠርተዋል። ድንጋዩ የተለቀመው ከእርሻ መሬት ስለ ነበር ደኑም ተጠበቀ፤ ማሳውም ጸዳ። ጥገናችን እንዲህ ሁለት ወገን የሚጠቅም ይሁን።

አራተኛ፣ የበጎ ፈቃደኛው አቅም ይታወቅ። በዚህ ሰፈር በቀን ገቢ የሚያድር ተሸካሚ አለ፤ እርሱ አንድ ቀን ሲሰጥ የልጆቹን እራት ነው የሚሰጠው። ባለ ሱቁ አንድ ቀን ሲሰጥ ሱቁን ለልጁ አደራ ብሎ ነው። ሁለቱን በአንድ ሚዛን አንመዝናቸው። ጉልበት ያለው ጉልበቱን፣ መኪና ያለው መኪናውን፣ ዕውቀት ያለው ዕውቀቱን ይስጥ፤ የሚሄደው ሰው ግን መሳፈሪያውና ምግቡ በአጥቢያው ይሸፈን። እናቶችንም ለወጥ ቤት ብቻ አንጥራቸው።

አምስተኛ፣ አደገኛውን ሥራ ለባለሙያ እንተው። የድጋፍ ግንብና ድልድይ ግንበኛ ይጠይቃል፤ ግንበኛውም ከዚያው አካባቢ ይቀጠር፤ ደመወዙም ይከፈለው። በጎ ፈቃድ የድሃን እንጀራ መንጠቂያ መሆን የለበትም። በፈቃደኛው ቡድን ውስጥ የመጀመሪያ እርዳታ የሚያውቅ አንድ ሰውና የእርዳታ ሣጥን ይኑር፤ ገደል ዳር የሚሠራ ሰው ብቻውን አይሁን።

ስድስተኛ፣ መዝገብ ይያዝ፤ ርክክብም ይኑር። የትኛው ቦይ መቼ ተጠረገ? የትኛው ደረጃ ላላ? ዶማው ስንት ነው? ይህ ካልተጻፈ አስተባባሪው ሲቀየር ሥራው ከዜሮ ይጀምራል። ተረኛው ሲወጣ ለተተኪው በቦታው ላይ ቆሞ ያስረክብ። ያገለገለውም ሰው በስሙ ይመስገን፤ በነህምያ መጽሐፍ ስሞቹ የተጻፉት በከንቱ አይደለም።

«መንገድ የመንግሥት ሥራ አይደለምን?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። የመኪናው መንገድ አዎን። ነገር ግን ከመኪናው መቆሚያ በላይ ያለችውን ቀጭን መንገድ ከእኛ ይበልጥ የሚያውቃት፣ ከእኛ ይበልጥም የሚረግጣት የለም። «ገንዘብ አዋጥተን እንላክ» የሚልም ይኖራል። ገንዘቡ ይላክ፤ ነገር ግን ገንዘብ ቦዩ መደፈኑን አያይም። የሚያየው በየዓመቱ ያንኑ ስፍራ የሚረግጥ ሰው ነው።

ስለዚህ ከዚህ ጉባኤ ስትመለሱ እያንዳንዱ አጥቢያ ሦስት ነገር እንዲወስን በትሕትና እጠይቃለሁ፤ የትኛውን ቦታ እንደሚረከብ፣ የመጀመሪያው ተረኛ ማን እንደ ሆነ፣ ከግንቦትም የትኛው ቀን እንደ ተመረጠ። ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። በመስከረም 21 አንዲት አሮጊት ምርኩዛቸውን ተክለው እግራቸውን በደረጃው ላይ ሲያሳርፉ ድንጋዩ ካልተነቃነቀ፣ ማን እንደ ቀበረው ባያውቁም የእኛ አገልግሎት ደርሷቸዋል።

የአባቶቻችን ጸሎት፣ የቅዱሳኑ በረከት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።