የአሌክሳንድሪያ ቅጥርና በውስጡ ያሉት ሰዎች
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገርበት ጉዳይ ለእንዲህ ያለ በዓል አይመጥንም የሚል ሰው ቢኖር አንቀየመውም፤ ነገሩ ስለ ዞምቢ ነውና። ነገር ግን ክፍላችንን ለሁለት ከፍሎ ብዙ ያከራከረ ጥያቄ ስለ ሆነ እናንተም ትፈርዱ ዘንድ ይዘነው መጥተናል። ጥያቄውም ይህ ነው፤ ዓለም ፈርሶ ጥቂት ሰዎች ቢተርፉ፣ ቅጥር ቀጥረው፣ በር ዘግተው፣ ልጆቻቸውን እያሳደጉ በሰላም ለመኖር ይቻላቸዋልን?

ዘ ዎኪንግ ዴድ የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2010 እስከ 2022 ዓ.ም. በ11 ምዕራፍ የታየ ሲሆን፣ መነሻው ሮበርት ከርክማን ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ያወጣው በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ ነው። ታሪኩን ላላዩት በአጭሩ ብንነግር፣ የሞተ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ይሄዳል፤ ሕያዋንንም ነክሶ ይበላል። ሪክ ግራይምስ የተባለ ፖሊስ ከወዳጆቹ ጋር ከመጠለያ ወደ መጠለያ ሲሰደድ ከቆየ በኋላ፣ በ2015 ዓ.ም. በታየው ታሪክ፣ በቨርጂኒያ ግዛት ከዋሽንግተን አጠገብ ወደምትገኘው አሌክሳንድሪያ ይደርሳል። (የግብጿን እስክንድርያ ማለታችን አይደለም።) በዚያም በብረት ቅጥር የታጠረ፣ መብራትና የቧንቧ ውሃ ያልተቋረጠበት፣ ልጆች በመንገድ የሚጫወቱበት አንድ ሰፈር ያገኛል። የሰፈሩ መሪ ዲያና ሞንሮ የምትባል ቀድሞ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል የነበረች ሴት ስትሆን፣ ቅጥሩን ያስገነባው የሥነ ሕንፃ መምህር የነበረው ባሏ ሬጅ ነው።

አስቀድመን አንድ ነገር ለደራሲዎቹ በነጻ እንስጣቸው። ሬሳ ሳይበላና ሳይጠጣ ለዓመታት ሊራመድ አይችልም፤ በቨርጂኒያ የበጋ ሙቀት በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሥጋው ፈርሶ አጥንቱ ይቀር ነበር። ይህን የሳይንስ መምህራችን ሳይነግሩን ራሳችን አንሥተነዋል። ነገር ግን በዚህ ላይ ከቆምን ጨዋታው ፈረሰ ማለት ነው። ስለዚህ ሙታኑ ይሂዱ፤ እኛ የምንመረምረው ሕያዋኑን ነው።

ከክፍላችን ብዙዎቹ በመጀመሪያ የተጠራጠሩት ቅጥሩን ነበር። እኛ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚታመነው እርሱ ነው እንላለን። ሬጅ ላሜራውንና የብረት ምሰሶውን ያመጣው በአቅራቢያው ይሠራ ከነበረ የገበያ አዳራሽ ነው። ሙታኑ መሰላል አያቆሙም፤ መዶሻ አያነሡም፤ ስለዚህ ጥሩ ብረት በጥሩ መሠረት ላይ ከቆመ ይበቃል። ድራማው በተቀረጸበት በጆርጂያ ግዛት በሰኖያ ከተማ፣ ሰዎች በሚኖሩበት እውነተኛ ሰፈር ዙሪያ እንዲህ ያለ ቅጥር ቆሞ ነበርና ነዋሪዎቹ ቀረጻው እስኪያልቅ በውስጡ ይወጡና ይገቡ ነበር።

በሽታን በር ዘግቶ መከላከል ተረት አለመሆኑንም ታሪክ ይመሰክራል። በ1918 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የምንለው ኢንፍሉዌንዛ ዓለምን ሲፈጅ፣ በአሜሪካ በኮሎራዶ ግዛት የምትገኘው ጋኒሰን የተባለች የተራራ ከተማ መንገዷን በአጥር ዘጋች፤ ከባቡር የወረደውን ሁሉ ለብቻው አቆየች፤ ከመቅሠፍቱም ከሞላ ጎደል ተረፈች። ከዚህ የሚበልጠው የሳሞአ ደሴቶች ነገር ነው። ጆን ፖየር የተባለው የአሜሪካ ሳሞአ ገዥ መርከቦችን ስለ ከለከለ ከዚያ ወገን አንድ ሰው እንኳ በዚያ በሽታ አልሞተም። በጎረቤቲቱ በምዕራብ ሳሞአ ግን ኅዳር 7 ቀን 1918 ዓ.ም. (ይህም በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ታሉኒ የተባለች መርከብ ሕመምተኞች ይዛ ገባች፤ ከሕዝቡም አንድ አምስተኛ ያህሉ አለቀ።

እንግዲህ ቅጥር ይሠራል፤ በርም ይዘጋል። ታዲያ የእኛ ጥርጣሬ ወዴት ነው ብትሉ፣ በሰዎቹ ቁጥር ላይ ነው።

በአሌክሳንድሪያ 40 ሰዎች አሉ እንበል። ከእነዚህ ሕፃናትን፣ ሽማግሌዎችንና ሕመምተኞችን 12 ብለን ብንቀንስ 28 ይቀራሉ። ለቅጥሩ 6 የዘብ ቦታ ብናደርግ፣ እያንዳንዱ ዘብ 8 ሰዓት ቢቆም፣ በቀን 18 ሰው ይፈለጋል። ለማረስ፣ ለማብሰል፣ ውሃ ለመጠበቅ፣ የታመመ ለማስታመም፣ ዕቃ ፍለጋ ከቅጥር ውጭ ለመውጣት የሚቀሩት 10 ሰዎች ናቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው የአገራችን ተረት እንዲህ በሒሳብ ሲሠራ ከዚህ በፊት አይተነው አናውቅም ነበር። ድራማው ይህን ሳይደብቅ አሳይቷል፤ ሪክ በመጣ ጊዜ በግንቡ ዙሪያ የማያቋርጥ ዘብ አልነበረምና የመጀመሪያው ነቀፌታው ይኸው ነበር።

ይህ ችግር ለዞምቢ ዘመን ብቻ የተፈጠረ አይደለም። ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር በ52 ቀን ከፈጸመ በኋላ ያገኘው ችግር ከተማይቱ ሰፊ፣ በውስጧ ያለው ሕዝብ ግን ጥቂት መሆኑ ነበር። ስለዚህ ከዐሥር ሰው አንዱ በከተማይቱ እንዲቀመጥ በየአገሩ ላለው ሕዝብ ዕጣ ተጣለ።

አሁን ወደ ምግቡ እንምጣ። የታሸገ የቆርቆሮ ምግብ ለጊዜው ያኖራል፤ ከጎረቤት ከተማ ጎተራ የሚለቀም ነገር ግን አንድ ቀን ያልቃል። አንድ ሰው ከእህል ብቻ ቢኖር በቀን 600 ግራም ያህል የበቆሎ ዱቄት ያስፈልገዋል። ይህ ለ40 ሰው በዓመት 88 ኩንታል ገደማ ነው። ያለ ማዳበሪያና ያለ ትራክተር ከአንድ ሄክታር 20 ኩንታል ቢገኝ እንኳ ከ4 ሄክታር በላይ መታረስ አለበት። ከእኛ መካከል የገበሬ ልጆች የሆኑት ይህን ሲሰሙ ሳቁ፤ ምክንያቱም አረምና ወፍ ጥበቃ ገና አልተቈጠረም። ዘሩም ሌላ ጣጣ አለበት፤ በአሜሪካ እርሻ የሚዘራው በቆሎ አብዛኛው የተዳቀለ ስለ ሆነ ከምርቱ ተቀንሶ ለዘር ቢቀመጥ በሚቀጥለው ዓመት እንደ መጀመሪያው አይሰጥም። ይህን ያህል መሬት በቅጥር ውስጥ ስለማይገኝ ሰዎቹ ውጭ ወጥተው ማረስ ይኖርባቸዋል፤ ለሚያርሱት ደግሞ ዘብ ያሻል። እንደ ገና ወደ ቁጥር ተመለስን። ጋኒሰን በሯን ዘግታ የቈየችው ጥቂት ወራት ብቻ ሲሆን፣ ዙሪያዋም የከብትና የእርሻ አገር ነበር።

ስለ ቤንዚን ብዙ አንናገርም። ቤንዚን ሲቀመጥ በአንድ ዓመት ገደማ ይበላሻል፤ በድራማው ግን መኪናዎች ለረጅም ጊዜ ይነዱበታል። በዘጠነኛው ምዕራፍ ፈረስና ጋሪ ብቅ ማለታቸውን ደራሲዎቹ ራሳቸውን እንዳረሙ አድርገን ተቀብለነዋል። ከፀሐይ መብራት የሚያወጡት ሰሌዳዎች ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ይሠራሉ፤ የሚደክመው ባትሪው ነው።

ከድራማው ይልቅ የወደድነው ግን በስድስተኛው ምዕራፍ መጀመሪያ የተገለጸው ምስጢር ነው። አሌክሳንድሪያ እስከዚያ ቀን በሰላም የኖረችው በቅጥሯ ብቻ አልነበረም። ከሰፈሩ ራቅ ብሎ ባለ የድንጋይ ካባ ውስጥ የማይቈጠሩ ሙታን ገብተው፣ መውጫውን መኪናዎች ዘግተውባቸው ነበር። ሰዎቹ ይህን ሳያውቁ በዕድላቸው ይኖሩ ኖሯል። ካባው በተከፈተ ጊዜ ሙታኑ መጥተው ቅጥሩን ከበቡት፤ ከአጠገቡ የነበረው አሮጌ ግንብ ሲወድቅበትም ቅጥሩ ተቀደደ።

ከእኛ ወገን ሆነው «እንግዲያስ በሩ ይጠበቅ፤ እንግዳ አይግባ፤ የሚበላ አፍ አይጨመር» ያሉ ጓደኞቻችን አሉ። ክርክራቸው ቀላል አይደለም፤ ሳሞአን የጎዳት አንዲት መርከብ ናትና። ነገር ግን ዲያና እንግዳ የምትቀበልበትን መንገድ ተመልከቱ። አሮን የተባለው መልማይ ሰዎችን ከሩቅ ሆኖ ይሰልላል፤ እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚኗኗሩ ያያል፤ ከዚያ በኋላ ይጋብዛቸዋል። በገቡም ጊዜ ዲያና እያንዳንዱን ለብቻው አስቀምጣ በካሜራ እየቀረጸች ትጠይቃለች፤ መሣሪያቸውንም በግምጃ ቤት ታስቀምጣለች። ይህ በር መዝጋትም በር መክፈትም አይደለም፤ መመርመር ነው። የአሜሪካ ሳሞአ ገዥም ቢሆን የሚመጣውን ለይቶ አቆየ እንጂ ባሕሩን ለዘላለም አልዘጋም።

ጥቂት ሰው ሆኖ መኖር የሚያመጣውን ጉዳት በግልጽ ያየነው ግን በሙታኑ ላይ ሳይሆን በሐኪሙ ላይ ነው። ፒት የሚባለው የቀዶ ጥገና ሐኪም ሚስቱን ጄሲን ይደበድባል። ዲያና ይህን ታውቃለች፤ ነገር ግን ሕይወት የሚያድን ሌላ ሐኪም ስለሌላት ዝም ትላለች። ይህን ክፍል ስናይ ሴቶቹ የክፍል ጓደኞቻችን ከሁላችንም በላይ ተቈጡ፤ ጉዳዩ የሙታን ተረት መሆኑ እዚህ ላይ አበቃ አሉ። እኛም ተስማምተናል። ሁለት ሐኪም ያለው ማኅበር አንዱን ሊከስና ሊቀጣ ይችላል፤ አንድ ብቻ ያለው ግን ይለማመጠዋል፤ የመለማመጡንም ዋጋ ጄሲ በፊቷ ላይ ትከፍላለች። በአምስተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ፒት ሰክሮ ሰይፍ ይዞ መጣ፤ ሊያስታግሠው የቀረበውን ሬጅንም አረደው። ሪክም በዲያና ትእዛዝ ፒትን በጥይት ገደለው። አሌክሳንድሪያ በአንድ ሌሊት ግንበኛዋንም ሐኪሟንም አጣች።

ከዚያ በኋላ ዴኒስ የተባለች፣ ቀዶ ጥገና መማር ፈልጋ በድንጋጤ ሕመም ምክንያት ወደ አእምሮ ሕክምና የዞረች ሴት፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ የሐኪሙን ቦታ ያዘች። እርሷም መድኃኒት ለማምጣት ከቅጥር በወጣችበት ቀን በቀስት ተመታ ሞተች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማጊ የምትባለው ነፍሰ ጡር ሴት በብርቱ ታመመች፤ ሐኪም ያለው ደግሞ ሂልቶፕ በተባለው በሌላው ማኅበር ዘንድ ነበር። ሪክና ጓደኞቹ በመኪና አሳፍረዋት ተነሡ፤ በየመታጠፊያው ግን መንገዱ በጠላት ተዘግቶ ቈያቸው። የአሌክሳንድሪያ ቅጥር በዚያን ጊዜ ተጠግኖ ከኋላቸው ቆሞ ነበር።