የሙዚቃ ሸክላ ዳግም መነሣትና የባለሙያው ኃላፊነት



«ሸክላ» የሚለው ቃል በአማርኛ እንስራንና ምጣድን ብቻ ሳይሆን ዘፈን የተቀረጸበትንም ክብ ዝርግ ዕቃ ያመለክታል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጀርመን አገር ድምፃቸውን ካስቀረጹ ወዲህ ቃሉ ከነትርጉሙ ከሕዝቡ ጋር ኖሯል።

እ.ኤ.አ. በ1948 በደቂቃ 33⅓ ጊዜ የሚዞረው ረጅም ሸክላ፣ በ1949 ደግሞ 45 ጊዜ የሚዞረው አነስተኛው ሸክላ ለገበያ ቀረበ። በ1963 ካሴት፣ በ1982 ሲዲ ሲከተሉ ሸክላው ዘመኑ ያለፈ መስሎ ነበር። ይሁን እንጂ በ2022 በአሜሪካ 41 ሚሊዮን ሸክላና 33 ሚሊዮን ሲዲ ተሸጠ፤ ሸክላ በቁጥር ሲዲን ሲበልጥ ከ1987 ወዲህ የመጀመሪያው መሆኑ ነው። ሆኖም በዚያው ዓመት ከአገሪቱ የተቀረጸ ሙዚቃ ገቢ 84 በመቶው የተገኘው በኢንተርኔት ከሚደመጠው ሙዚቃ ነበር።

የሸክላው መነሣት በድምፅ ጥራት ብቻ የሚተረጐም አይደለም። ሲዲ ድምፁን በሰኮንድ 44,100 ጊዜ እየለካ ይመዘግባል፤ በብርሃን ስለሚነበብም መርፌ አይፍቀውም። ሸክላ ግን አቧራ ያንኳኳዋል፤ መርፌው ወደ መካከል በቀረበ ቁጥርም ድምፁ ይደክማል። ከዚህም ሌላ ከአዲሶቹ ሸክላዎች ብዙዎቹ የሚቀረጹት ከዲጂታል ቅጂ ነው። ገዢው የሚሻው በእጅ የሚያዝ፣ ሥዕሉና ጽሑፉ የሚታይ፣ የራሱ የሆነ ዕቃ ነው። በኢንተርኔት የሚያደምጠው ዘፈን ግን አቅራቢው ባነሣው ቀን ይጠፋበታል።

ጉዳዩ በኢትዮጵያ ከፋሽን ያለፈ ነው። ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ አምሃ እሸቴ በ1969 ደፍሮ ማሳተም ጀመረ። ከአለማየሁ እሸቴ ሥራ ተነሥቶ እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ሸክላ አወጣ። ከዚያ በኋላ ካሴት ገበያውን ወረሰ። ከ1997 ጀምሮ ፍራንሲስ ፋልሴቶ በፓሪስ ባወጣው «ኤትዮፒክስ» ተከታታይ ሲዲ ዓለም ያን ዘመን ዳግም ሰማ፤ ዋናው ሸክላም በውጭ ሰብሳቢዎች ዘንድ በውድ ዋጋ የሚፈለግ ሆነ።

እንግዲህ «ሸክላ ይሻላል ወይስ ሲዲ?» የሚለው ክርክር ለባለሙያው በቂ አይደለም። የመጀመሪያው ቴፕ በጠፋበት ቦታ ማስረጃው ያ አሮጌ ሸክላ ብቻ ነው። ከሣጥን ወጥቶ ሳይመዘገብ ሲሸጥ፣ በመለያው ላይ የታተመው የድምፃዊው ስምና የሸክላው ቁጥር አብረውት ይሄዳሉ።

ስለሆነም የባለሙያው ተግባር ግልጽ ነው፤ ሸክላውን ማጽዳት፣ ባልደነዘ መርፌ አጫውቶ ድምፁን ወደ ዲጂታል መገልበጥ፣ መለያውን በፎቶግራፍ ማንሣት፣ ቅጂውን ከአንድ በላይ በሆነ ስፍራ ማኖር፣ ዋናውንም ከፀሐይና ከሙቀት አርቆ በቁሙ መደርደር። ገበያው ዛሬ ሸክላን ያነሣል፤ ነገም ሊጥለው ይችላል። በገበያው ምርጫ ላይ ያልተመሠረተ ጥበቃ የሚገኘው ከባለሙያው እጅ ነው።